ሲኒው ሲገለበጥ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በእጅ ሥራ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር፤ መካነ ሰላም)

  ኮሚቴው የእጅ ሥራ ክፍሉን «ስለ እንግዳ ስጦታ የምትሉት ካለ በጉባኤው ፊት ተናገሩ» ብሎናል። እኛም ተሰብስበን፣ ተከራክረን፣ የተስማማንበትን ይዘን ቀርበናል። ያልተስማማንበትም አለ፤ እሱንም አንደብቅም።

ነገሩን ከራሳችን ስህተት እንጀምር።

አምና ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ የሰማነው ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። በእጃችን ያለቀ ሥራ አልነበረም። ሌማቶቹ ገና መሃላቸው ላይ ነበሩ፤ ጋቢውም ከሸማኔው አልወረደም። እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይሸኝም። ስለዚህ ከመካከላችን ሁለቱ ደሴ ወርደው፣ የባህል ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ስድስት ሲኒ ከነረከቦቱ ገዝተው መጡ። በሲኒዎቹ ላይ ጀበና ተሥሏል፤ ዙሪያውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተቀብቷል። አምሮ ነበር። በጭብጨባ አበረከትነው። እንግዳችን በሁለት እጇ ተቀበለችን፤ አንዱን ሲኒ አንስታ አየችው፣ ገለበጠችው። ከሥሩ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «በቻይና የተሠራ» ይላል።

እንግዳችን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። ፈገግ ብላ ሲኒውን ቦታው መለሰችው፣ አመሰገነችን። እኛ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን በወደድን። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከእናቶቻችን አንዷ «የጎረቤትን ልጅ ‹የኔ ነው› ብሎ ማስሳም ማለት ይኸው ነው» አሉ። ሳቅን። ግን የሳቅ ብቻ ነገር አልነበረም። ለመሆኑ ስጦታ ምንድን ነው? ለምን ይሰጣል? ከሥሩስ የማን ስም ይጻፋል? የዛሬው ንግግራችን ይህን የሚመለከት ነው።

ሲኒ የሚለው ስም

ነገሩን ስናጣራ መጀመሪያ ያገኘነው ራሱን ስሙን ነው። «ሲኒ» የሚለው ቃል ወደ እኛ የመጣው ከዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል፤ ከዚያ የሚመጣውን ነጭና ስስ ዕቃም በአገሩ ስም ጠሩት። «ሻይ»ም እንደዚሁ መነሻው የቻይናውያን «ቻ» ነው። እንግዲህ እናቶቻችን «አንቺ ልጅ፣ ሲኒውን አቅርቢ» ሲሉ ሳያውቁት «የቻይናውን አቅርቢ» ማለታቸው ነበር።

ስለዚህ ያሳፈረን ሲኒው ከቻይና መምጣቱ አይደለም። ሲኒ ዱሮም ከዚያው ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ያሳፈረን የሌላውን እጅ ሥራ የእኛ አስመስለን መስጠታችን ነው።

ቻይናውያን እንዴት ሰጡ?

ቻይናውያን ስለ ስጦታ ብዙ የሚያውቁ ሕዝብ ናቸው። እንደ እኛው ስጦታን በሁለት እጅ ይሰጣሉ፣ በሁለት እጅ ይቀበላሉ። ሰዓት በስጦታ መስጠት አይወዱም፤ ቃሉ በቋንቋቸው ሟችን ከመሸኘት ጋር በድምፅ ይመሳሰላልና። መንግሥታቸውም ከጥንት ጀምሮ ከሌላ መንግሥት ጋር ሲወዳጅ የሚልከው ሕዝቡ በእጁ አሳምሮ የሠራውን ነው፤ ሐር፣ ሸክላ፣ ሻይ።

ይህን ሸክላ እንወቀው። ጂንግዴዠን የምትባል ከተማ አለች። ለነገሥታቱ ቤት የሚሆነው ዕቃ የሚሠራው እዚያ ነበር። ካኦሊን የሚባለውን ነጭ አፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ያቦኩታል፤ ከዚያ እስከ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ያቃጥሉታል። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች በሜዳ ላይ በኩበትና በጭራሮ ከሚያነዱት እሳት በእጅጉ የሚበልጥ ነው። አፈሩ እዚያ እሳት ውስጥ እንደ መስታወት ይሆናል፤ ውሃ አያሳልፍም፣ በጣት ሲመቱት ይጮኻል። ሶንግ ዪንግሺንግ የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1637 ስለ ሙያዎች በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሲኒ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ72 እጅ እንደሚያልፍ መዝግቧል። አንዱ ያቦካል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ እሳቱን ይጠብቃል። እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ነው።

ታዲያ በዚያ ሁሉ እጅ ባለፈው ዕቃ ሥር የሚጻፈው የማን ስም ነበር? የንጉሡ የዘመን ስም። ከ72ቱ እጆች የአንዱም ስም የለም። ይህን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ዕቃ ሩቅ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. ከ1405 እስከ 1433 የቻይናው የባሕር አለቃ ዠንግ ሄ ሰባት ጊዜ በታላላቅ መርከቦች ወጥቶ እስከ ሞቃዲሾና እስከ ማሊንዲ፣ ማለት እስከ ዛሬዎቹ ሶማሊያና ኬንያ ጠረፍ ድረስ ሐርና ሸክላ አድርሷል። ከእኛ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1415 ከማሊንዲ የተላከች ቀጭኔ ቻይና ገብታ የንጉሡን ከተማ አስደንቃለች። እ.ኤ.አ. በ1793 የእንግሊዙ መልእክተኛ ማካርትኒ የአገሩን የሳይንስ መሣሪያዎች ይዞ ሲሄድ ንጉሡ ቺየንሎንግ በጄድ ድንጋይ የተሠራ በትር፣ ሐር፣ ሸክላና ሻይ ሰጥቶታል። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ የሰጠው በቤቱ ያለውን ነው። 

የእኛም አባቶች ከቻይና ሐር ጋር ትውውቃቸው የቆየ ነው። ፕሮኮፒዎስ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ የሮማው ንጉሥ ዮስጢኒያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር። «ሐሩን ከሕንዶች ገዝታችሁ ለእኛ ሽጡልን፤ ገንዘባችን ለጠላታችን ለፋርስ አይግባ፤ እናንተም ታተርፋላችሁ» ነው ነገሩ። ሳይሆን ቀረ። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች ከሚደርሱበት ወደብ ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። ወዳጅነት መልካም ነው፤ ገበያው ላይ ቀድሞ ያልተገኘ ግን ጥቅሙን አያገኝም።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ የሴቶች ነገር ስለሆነ አንድ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የቻይናው ፕሬዝዳንት ባለቤት ፔንግ ሊዩዋን ታንዛኒያ ሄደው በዳሬሰላም የሴቶችና የልማት ድርጅት ጎብኝተው ነበር። ይዘው የሄዱት ስጦታ ምን ነበር? የአገራቸው ሉልና «ፔቾይን» የሚባል የሻንጋይ የቆዳ ቅባት። ቅባቱ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የነበረ፣ በአገሩ ሰው እናቶች ሲቀቡት የሚያውቀው ተራ ዕቃ ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ ግን «ለአገር ስጦታ የሆነው ቅባት» ተብሎ በቻይና ገበያ ስሙ ገነነ። ስጦታው ለተቀባዮቹ ክብር፣ ለሠሪዎቹ ደግሞ ገበያ ሆነ። ስጦታና ገበያ አይጣሉም ማለት ነው።

ከሲኒ ወደ መንገድ

ወደ አገራችን እንመለስ። የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በጥር 1956 ዓ.ም. መጥተው አስመራ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ሁለቱ አገሮች በይፋ የተወዳጁት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 1964 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ቻይና ወለድ የማይከፈልበት ብድር ሰጠች፤ በዚያም ከወልዲያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚገባው መንገድ ተሠራ። በደርግ ዘመን ተሠርቶ ያለቀ ቢሆንም የዚያ አገር ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከእኛ መካከል ወደ ጎንደር የሄዳችሁ ረግጣችሁታል።

ከዚያ ወዲህ ስጦታው እየገዘፈ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘች፤ በአቃቂ ቃሊቲ የቻይና መንግሥት ያሠራው ሆስፒታልም «ጥሩነሽ ቤጂንግ» ተባለ። በጥር 2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት ተመረቀ፤ 20 ፎቅ ያለው፣ 200 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ ቻይና ለአፍሪካ በስጦታ የሰጠችው። የቆመው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት በነበረበት ስፍራ ነው። ዱሮ በመሶብ ሊገባ የሚችል ሐርና ሲኒ የነበረው ስጦታ ዛሬ አገር የሚሰበሰብበት ሕንፃ ሆኗል።

ይህን ስንል ስጦታ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ትልቅ ስጦታ ትልቅ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ተቀባይን ያኮራል፣ ያስራልም። እኛም በማኅበራችን ይህን እናውቀዋለን። የተሰጠንን ዕቃ ስንጠቀም ደስ ይለናል፤ ሪፖርቱን ስንጽፍ ደግሞ «ሰጪው ምን ይለን ይሆን?» እያልን እንጨነቃለን። ደጋፊዎቻችን ይህን ብንነግራችሁ አትቀየሙንም ብለን ነው።

የመቅደላ ነገር

ስለ መንግሥታት ስጦታ ስንናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መቅደላ እዚሁ በእኛው በምዕራብ ወሎ ደጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ለዐፄ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሁለት ሽጉጦች አመጣ። በላያቸው የሰጪዋና የተቀባዩ ስም ተቀርጿል፤ ንጉሡ ለእንግሊዙ ለፕላውዴን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና መሆኑም ተጽፎበታል። ከዚያ ወዳጅነቱ ተበላሸ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲወጣ ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ፤ የሰዉትም በዚያው በስጦታው ሽጉጥ እንደሆነ ይነገራል። ጦሩ ከአምባው የወሰደውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎታል።

ከተወሰደው መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለበት። ከጥጥ የተሠራ፣ በሐር የተጠለፈ ነው። ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እቴጌዪቱ ራሳቸው ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ አረፉ፤ ልጁም በባዕድ አገር ቀረ። ያንን ጥጥ የፈተለች አንዲት ሴት ነበረች። እንደ እኛ እንዝርት ይዛ፣ ጣቷን በአመድ እያደረቀች የፈተለች ሴት። ስሟን የሚያውቅ የለም። በንግሥቲቱ ሽጉጥ ላይ ሁለት ስም ተጽፏል፤ በቀሚሱ ላይ ግን ማንም አልተጻፈም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የተሰጠና የተወሰደ ነገር በዕቃነቱ አንድ ቢመስልም አንድ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ቢሰጥም ቢወሰድም የሠሪዋ ስም ቀድሞ የሚጠፋ መሆኑ ነው።

የእኛው ጉዳይ

አሁን ወደሚያመን ቦታ እንግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው «ትላልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ 12 ሌማት አዘጋጁ» አሉን። ደስ አለን። አክርማና ስንደዶ የሚለቀመው በወቅቱ ነው፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ በወስፌ አንድ በአንድ ይሰፋል። ጥሩ ሌማት ቤት ጠርጎ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ልጅ አብልቶ በሚተርፍ ጊዜ የሚሠራ በመሆኑ ሳምንታት ይወስዳል። 12ቱንም አደረስን። እንግዶቹም ተቀበሉ፤ ፎቶም ተነሡ። «ክፍያውስ?» ስንል «በሚቀጥለው በጀት» ተባልን። በሚቀጥለው ስንሄድ «ይህኮ ለአገር ክብር ነው፣ እናንተ ደግሞ ገንዘብ ትላላችሁ» ተባልን። እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

ከ12ቱ ሦስቱን የሰፉት አንዲት እናታችን ናቸው። ገንዘቡን ለልጃቸው ደብተርና ጫማ አስበውት ነበር። ልጅቱ ያን መስከረም በታላቅ ወንድሟ ጫማ ተማረች። እናታችን «ለእንግዳ የሰጠሁት አይቆጨኝም፤ ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ? ወይስ እነሱ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ሰጪ ተብሎ የተጨበጨበለት ያልለፋው ነው፤ የለፉት ደግሞ በፎቶው ውስጥ እንኳ የሉም።

ሁለተኛው የገበያው ነገር ነው። ዛሬ የጥበብ ቅርጽ የታተመበት ጨርቅ ከቻይና በጥቅል ይመጣል። ከሩቅ ሲያዩት የሸማኔ ሥራ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከፈትል ቀሚስ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ለበዓል እሱን የማይለብስ ቤት የለም። እውነቱን ለመናገር እኛም ገዝተናል፤ ለልጆቻችን አልብሰናል። የሚወቀስ ካለ ቻይናዊቷ የፋብሪካ ሠራተኛ አይደለችም፤ እሷም እንደ እኛ ጎንበስ ብላ ውላ የምትገባ ሰው ናት። የእኛ ጥያቄ አንድ ነው። የታተመው «ታትሟል»፣ የተፈተለው «ተፈትሏል» ተብሎ ይሸጥ። ገዢው አውቆ ይምረጥ።

ሦስተኛውን ለመናገር ይከብደናል፤ ግን ካልተናገርነው ይህ ሁሉ ንግግር ከንቱ ነው። ቻይናውያን አፈር አቡክተው የሠሩትን የአገራቸው ክብር አድርገው ለነገሥታት ላኩት። እኛስ አፈር የሚያቦኩ እህቶቻችንን ምን አልናቸው? «ቡዳ» አልናቸው። ጀበናቸውን ገዝተን ቡና አፈላንበት፣ ምጣዳቸው ላይ እንጀራ ጋገርን፣ እነሱን ግን ከእንጀራው አላስቀረብንም። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት አንዲት ሸክላ ሠሪ እህታችን ለአባልነት ስትመጣ ከመካከላችን ያጉረመረሙ ነበሩ። «እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ» ያለችም ነበረች። የተናገሩት ሌሎች አይደሉም፤ እኛ ነን። ዛሬ እህታችን አባላችን ናት፤ እዚሁ አጠገባችን ተቀምጣለች። «እወጣለሁ» ያለችውም አልወጣችም፤ አብረው አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው። ግን ይቅርታው በይፋ ተጠይቆ አያውቅምና ዛሬ በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንጠይቃታለን። የሌላ አገር ሰው ከሲኒው ሥር የሠሪውን ስም አልጻፈም ብለን ስናዝን፣ እኛ የሠሪዋን ስም በስድብ ተክተን ነበር።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ የእጅ ሥራ ክፍሉ ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ አራት ነው።

አንደኛ፤ የእንግዳ ስጦታ ከእንግዳው በፊት ይዘጋጅ። አክርማው ሲለቀም፣ የበጉ ፀጉር ሲሸለት፣ በየወቅቱ ጥቂት ሙዳይ፣ ጥቂት ሌማት፣ አንድ ሁለት ባና እየተሠራ በመጋዘን ይቀመጥ። በሦስት ቀን ማስታወቂያ ደሴ መሮጥ ይቅር።

ሁለተኛ፤ ስጦታ በማኅበሩ ስም ሲሰጥ ማኅበሩ ለሠሪዋ ዋጋውን ዕቃውን በተረከበበት ዕለት ይክፈል። ሌላ መሥሪያ ቤት ሲያዝ ግማሹን ቀድሞ፣ ግማሹን ሲረከብ ይክፈል፤ በጽሑፍ ይሁን። ካልሆነ በአክብሮት «አንችልም» እንበል።

ሦስተኛ፤ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ትንሽ ወረቀት ይታሰር። የሠሪዋ ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ይጻፍበት። ስሟ እንዳይጻፍ የምትፈልግ መብቷ ነው። የሸክላም የስፌትም የፈትልም በእኩል ይጻፍ። መጻፍ የማትችለው እናት በልጇ ወይም በጎልማሶች ትምህርት ባልደረባዋ እጅ ታስጽፍ።

አራተኛ፤ የእኛ ያልሆነውን የእኛ ነው አንበል። ቡና የምናቀርበው በቻይና ሲኒ ከሆነ የቻይና ሲኒ ነው። ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ሐሳብ ላይ ሁላችን አልተስማማንም። አንዲት የምናከብራቸው እናታችን ተነሥተው «እንግዳ የአላህ ነው፤ ስጦታ ዋጋ ከወጣለት ስጦታ መሆኑ ቀረ። ከፍትፍቱ ፊቱ ነው» ብለዋል። ነገሩ እውነት አለው። በቤታችን፣ በራሳችን እጅ፣ ለራሳችን እንግዳ ስንሰጥ ዋጋ አናወጣም፤ ወደፊትም አናወጣም። ነገር ግን የእናታችን ሌማት በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ሰው ስም ሲሰጥ ያ የእሳቸው ስጦታ አይደለም። ሥራ ነው። የሠራ ደግሞ ደመወዙ ይገባዋል። ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው የራሱን ሲሰጥ ብቻ ነው። እናታችን ይህን ሰምተው ዝም ብለዋል፤ ተስማምተው ይሁን ታዝበውን አላወቅንም። ጉባኤው ይፍረድ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። ከእኛ ዘንድ ዕቃ ስትወስዱ ገልብጣችሁ እዩት። የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቁ። ስፌቱ ከላላ፣ ቀለሙ ከለቀቀ ንገሩን፤ አዝናችሁልን ዝም አትበሉ። ለመሥሪያ ቤታችሁ እንግዶች ስጦታ ስትፈልጉም አስቀድማችሁ እዘዙን። እኛም በወዳጅነታችን ላይ እምነት ጥለን ገበያውን ለሌላ አንተው፤ ቀድመን እንገኛለን።

በመጨረሻ። አምና ሲኒውን የገለበጠችው እንግዳችን ዛሬም ከመካከላችን አለች። እህታችን ሆይ፣ አምና የሰጠንሽ የእኛ አልነበረም፤ አንቺም አውቀሽ አላሳፈርሽንም፤ ስለዚህ አመስጋኞች ነን። ዛሬ አንዲት ሙዳይና አንዲት ጀበና አዘጋጅተንልሻል። ሙዳይዋን የሰፉት ያኔ ሦስት ሌማት ሰፍተው ያልተከፈላቸው እናታችን ናቸው፤ ጀበናዋን የሠራችው ይቅርታ የጠየቅናት እህታችን ናት። የሁለቱም ዋጋ ከማኅበሩ ሣጥን ትናንት ተከፍሏል። የሁለቱም ስም ከሥሩ ተጽፏል። ገልብጠሽ ማየት ትችያለሽ።

ቡናው ደርሷል። ሲኒው የቻይና ነው፣ ጀበናው የእኛ ነው። አቦሉን አብረን እንጠጣ፤ ቶናውንና በረካውን ስንጠብቅ በቀረቡት ሐሳቦች ላይ እንድትነጋገሩበት እንጠይቃለን።